የስለት ኢፍጣር

በመካነ ሰላም በወረዳ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ በሥራ ዝርዝሬ ያልተጻፈ አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት ነበረብኝ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚላከው ወደ እኔ ነበር። የተወለድኩት ከከተማው ወደ ዓባይ ቁልቁለት በሚወስደው አቅጣጫ ባለ የገጠር ቀበሌ ስለሆነ፣ የትኛው ግቢ ውኃ እንዳለው፣ የትኛው ቤት በክረምት እንደሚያፈስ፣ የትኛዋ አከራይ ተከራይዋን እንደ ልጇ እንደምታይ አውቃለሁ። ይህን ሥራ ማንም አላዘዘኝም። ከእኔ የተሻለ የሚሠራው ሰው ግን አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ሙስሊም የሆኑት በጣም የሚከብዳቸው ወር ረመዳን ነበር። የአገሩ ሰው የፀሐይ መጥለቂያው ሶላት መግሪብ ሲቃረብ ወደየቤቱ ይሰበሰባል፤ ጎዳናው ጭር ይላል። ባዕዱ ተከራይ በክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ በቴምርና በደረቅ ዳቦ ያፈጥራል። አንዳንዱን እኔ ቤት እጠራው ነበር፤ ቤቴ ግን ጠባብ፣ ልጆቼም ብዙ ነበሩ።

ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ በዕድሜ የገፉ አንድ እናት ይኖሩ ነበር። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። አንዲት ልጃቸው በቤት ሠራተኛነት ጅዳ ከሄደች በኋላ ለብዙ ወራት ድምፅዋ ጠፋ። ያን ጊዜ ከከተማችን ወደ ዐረብ አገር የሄዱ ልጆች ስልክ የሚደውሉት ወደ አንድ ነጋዴ ሱቅ ነበርና፣ እትዬ ከሱቁ ደጃፍ አይጠፉም ነበር። በኋላ እንደተሰማው ልጅቱ የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቿ አላኖር ብለዋት ወጥታ፣ አንድ የሱዳን ቤተሰብ አስጠግቷት ነበር። እትዬ በዚያ የዝምታ ወቅት ተስለው ነበር፤ ልጃቸው በሰው አገር ሰው አግኝታ ድምፅዋን ካሰማቻቸው፣ የሰው አገር ፆመኛ ሰብስበው ሊያስፈጥሩ። ድምፅዋ ተሰማ። የቀረው ስለቱን ማስገባት ነበር።

ረመዳን እንደገባ እትዬ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፤ ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር፤ «ከየት ከየት የመጣ እስላም አለህ?»

«ከመጋዘን እንደሚወጣ ዕቃ እንዲህ ይጠየቃል እንዴ፣ እትዬ?»

«አቦ ተወኝ! ስለት አለብኝ። ዘመድ ያለውን እንዳታመጣብኝ። እዚህ አገር አክስት ያለችው ሰው ስለቴን አያስገባልኝም።»

ማንን እንደምጠራ ቁጭ ብለን ተመካከርን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፊዚክስ የሚያስተምር የሐረር ልጅ ነበር። በጤና ጣቢያው ከጅማ ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች። ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለውን የስልጤ ነጋዴ ስጠራላቸው እትዬ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«እሱማ አገሬው ሆኗል። እኔን እያታለለ ጨው የሚሸጥልኝ ሰው እንዴት ባዕድ ይባላል?»

«ሚስቱና ልጆቹ ወራቤ ናቸው፣ እትዬ። ማታ የሚገባው ባዶ ቤት ነው።»

«እንዲህ ነው? እንግዲያስ ይምጣ።»

አራተኛው የጅጅጋ ሶማሌ ነበር፤ የከባድ መኪና ሾፌር። ለስልጤው ሱቅና ለሌሎች ነጋዴዎች ከኮምቦልቻ ዕቃ ያመጣል፤ በዚያ ጠመዝማዛ የጠጠር መንገድ ሲመላለስ የሚያድረው ጋቢና ውስጥ ነው። መንገደኛ በመሆኑ ባይፆምም ይፈቀድለት ነበር። እርሱ ግን ይፆማል። ይህን ስነግራቸው እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እሱን አደራ! ሌላው ቢቀር እሱ እንዳይቀርብኝ። ስለቴ ማለት እሱ ነው።»

በዚያው ሳምንት ከጅዳ የተመለሰች አንዲት ልጅ ከእትዬ ልጅ የተላከ ዕቃ ይዛ መጣች። በጨርቅ የተጠቀለለ ቴምርና አንድ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ የመስጊድ ቅርጽ ያለው፣ አረንጓዴ ጉልላትና ሁለት ትንንሽ ሚናራዎች የተተከሉለት፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ በራሱ አዛን የሚያደርግ ነው። እትዬ ለኢፍጣሩ ዕለት ይሁን ብለው ከነላስቲኩ አስቀመጡት። የዕለቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባትሪ አስገብተው፣ በሬዲዮ ሰዓቱን ሞልተው፣ ቡፌው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ አኖሩት።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰዓት አሳልፌ የደረስኩባቸው ቀጠሮዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ያን ቀን ግን የመሥሪያ ቤታችን ግምገማ ነበር። የዚያን ዘመን ግምገማ የሚያውቅ ሰው፣ ተራው ያልደረሰው ተሰብሳቢ ተነሥቶ መውጣት እንደማይችል ያውቃል። የእኔ ተራ ደርሶ፣ «ሥራ ያበዛል፣ ለሌላው ዕድል አይሰጥም» ተብዬ ተተችቼ፣ ትችቱን ተቀብዬ ስወጣ ቀኑ መምሸት ጀምሮ ነበር። ወሩ ኅዳር ስለነበር ብርዱ ከወዲሁ ይቆነጥጣል። ሆኖም በስተምዕራብ፣ ከዓባይ ማዶ ካለው ሸንተረር በላይ፣ ፀሐይዋ ሙሉዋን ትታይ ነበር። ደረስኩ ብዬ ረጋ ብዬ ሄድኩ።

የእትዬ ቤት በሩ ለብርዱ ተዘግቷል። መስኮቶቹም ተዘግተው ፋኖስ ተለኩሷል። ሰላምታ እያቀረብኩ በሩን ገፋ አደረግሁት።

በምንጣፉ ዙሪያ የተቀመጡት እንግዶች እጃቸው ሳህን ላይ ነበር። ሾፌሩ የሾርባ ጎድጓዳውን ወደ አፉ አስጠግቷል። ስልጤው ሳምቡሳ ጎርሷል።

«በሩን ይዝጉት፣ ጋሼ፣ ብርድ ነው፤» አለች ነርሷ ከውስጠኛው በኩል።

አልዘጋሁትም። ከኋላዬ የገባው የፀሐይ ብርሃን ምንጣፉን አቋርጦ፣ በቴምሩ ሳህን ላይ አልፎ፣ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። የሁሉም ዓይን እርሱን ተከተለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሾፌሩ ጎድጓዳውን ሳያወርድ። «ጨረቃ ነው?»

«ጨረቃማ እንዲህ ቢጫ አትሆንም፤» አለ ስልጤው፤ የጎረሰውንም ማኘክ አቆመ።

እትዬ ከማዕድ ቤት ጆግ ይዘው ሲመጡ እኔን በር ላይ አዩ፤ ከዚያም ብርሃኑን። ጆጉን አስቀምጠው አጠገቤ አልፈው ግቢው መሐል ቆሙ። ፀሐይዋ ፊት ለፊታቸው ነበረች። 

«ያ ረቢ፣» አሉ፤ «ስለቴን በላሁት።»

ከምንጣፉ ላይ መጀመሪያ የተናገረው የሐረሩ መምህር ነበር። ገና ወጣት ቢሆንም ቁርኣን ከልጅነቱ የተማረ፣ አነጋገሩ የረጋ ሰው ነው። «እጃችንን እንሰብስብ፤» አለ። «ያለፈው አልፏል። ቀኑ እስኪሞላ ግን ፆመኛ ነን።» የጎረሰው ተፋ፣ የያዘው አስቀመጠ፣ አፉንም የተጉመጠመጠ ነበር። እኔም ጫማዬን አውልቄ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ምግቡ እንደቀረበ መሐላችን ቀረ።

በሕይወቴ ብዙ ማዕድ ቀርቤያለሁ። ያን ያህል አተኩሬ ያየሁት ማዕድ ግን የለም፤ ከማየት በቀር የተፈቀደልን ነገር አልነበረምና። እትዬ የገብስ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ በማር የተበጠበጠ አብሽና የበግ ወጥ አቅርበዋል። ስልጤው ዕቃ ከሚመጣለት መኪና ላይ አስጭኖ ቆጮና ለጋ ቅቤ አምጥቷል። መምህሩ እናቱ ከሐረር የላኩለትን ሐልዋ በትንንሹ ቆርጦ በሳህን ደርድሮታል። ነርሷ ከጅማ የመጣ ማር፣ ሾፌሩ ደግሞ ከነግንጣዩ ሙዝ ይዞ ገብቷል።

«ሙዙ ለምንድን ነው?» ብዬ ሾፌሩን ጠየቅኩት።

«ለሩዝ ነው። ሩዝ ያለ ሙዝ አይበላም።»

«ሩዝ የለም እኮ።»

«አየሁ። አዘንኩ።»

ነርሷ ሳቋን መያዝ አቃታት። እትዬ ግን በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ሸንተረሩ እያዩ ቆመው ነበርና ሳቋን ዋጠችው።

ስልጤው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ መምህሩ ዞረ። «አንተ ግን የፊዚክስ መምህር ነህ እኮ! ፀሐይ መቼ እንደምትጠልቅ አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው?»

«ፊዚክሱስ ገና ነው ብሎኝ ነበር፤» አለ መምህሩ። «ዝም ያሰኘኝ እንግድነቱ ነው። ሰው ቤት ገብቼ፣ እናት የሆኑ ሴትዮ አፍጥሩ ሲሉኝ፣ ተሳስተዋል ልበል?»

«እኔ ቆላ ነው ያደግኩት፤» አለ ሾፌሩ። «ደጋ ላይ ፀሐይ ብርድ ፈርታ ቶሎ ትገባለች ብዬ ነው።»

«እኔ እንኳ ሰዓቴን አይቼ ነበር፤» አለች ነርሷ ክንዷን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ። «የዘገየው የእኔ ነው ብዬ ወደ ፊት አስኬድኩት።»

«አስኬድሽው?»

«አዎ። የእትዬ ሰዓት አዛን እያለ በእጅ ሰዓት ይከራከሩታል እንዴ?»

ሁሉም ስልጤውን ተመለከቱት። በከተማው ዓመታት የኖረ እርሱ ብቻ ነበርና መልስ ይጠበቅበት ነበር።

«እኔ እናንተን ነው ያየሁት፤» አለ። «የተማረው ቴምር ካነሣ፣ ነርሷ ካነሣች፣ ጨው ሻጭ ምን ይላል?» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ሳምቡሳውም ትኩስ ነበር፣ ሐቂቃ፣ እውነቴን ነው።»

ያን ያህል የተለያየ አገር ሰዎች አንድ ስሕተት ላይ እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። አንዳቸውም ቸኩለው አልበሉም፤ ያስበላቸው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ በወሎ ብቻ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ፀሐይዋ ሸንተረሩን ስትነካ ወሬው ስለ አብሽ ሆነ። እኛ ጋ ከማር ጋር ተበጥብጦ ለፆመኛ ይጠጣል። መምህሩ በሐረር አረፋ እስኪሆን ተመትቶ በሥጋ መረቅ ላይ እንደሚፈስ ነገረን። ነርሷ በአገሯ አብሽ የሚቀርበው ለአራስ ነው ብላ፣ «እዚህ ስመጣ ወንዱ ሁሉ ሲጠጣ አይቼ ደንግጬ ነበር፤» አለች። በዚህ መሐል ከመስጊዱ በኩል የሙአዚኑ ድምፅ በነፋሱ ላይ ተሳፍሮ መጣ። እትዬ ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ዞር ብለው፣ «አሁን ብሉ፤» አሉ። ቴምር ቀምሰን፣ ሰግደን፣ የቀዘቀዘውን በላን። እርሳቸው ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሱም። ሾርባ ሞቅ አድርገው ሲመልሱ፣ ሳህን ሲያነሡ፣ እንግዶቹን አንድም ጊዜ በቀጥታ አላዩአቸውም።

ከምግብ በኋላ መምህሩ ሰዓቱን ከቡፌው አውርዶ አገላብጦ መረመረው። በስተጀርባው ከተማ የሚመረጥበት ቦታ ነበር። በዐረብኛ የተጻፈውን አነበበልን። ጅዳ ይላል። ልጅቱ እዚያ ገዝታ፣ ከተማውንም እዚያው አስመርጣ ልካው ነበር። በኅዳር ወር ጅዳ ላይ ፀሐይ ከእኛ ቀድማ እንደምትጠልቅ መምህሩ ብርቱካን አንሥቶ ሊያስረዳን ሞከረ። ለስልጤው ገባው መሰለኝ። ለእትዬ ግን ጅዳ የምትለው ቃል ብቻዋን በቂ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ እትዬን ይዤ ወደ ሸኻችን ቤት ሄድኩ። ሸኻችን ከወረዳው ሽማግሌዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ የእትዬን ኒካሕ ያሰሩ ሰው ናቸው። ነገሩን እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እርሳቸው አላቋረጡኝም።

«ፀሐይዋን በዓይንህ አየሃት?»

«አየኋት፣ ሸህዬ። ከሸንተረሩ በላይ ነበረች።»

«እንግዲያው የበሉት ሁሉ አንድ ቀን ቀዷ ያውጡ፤ ያን ፆም ይተኩት። ኃጢአት የለባቸውም፤ መግሪብ መስሏቸው ነው። አንቺም የለብሽም። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

እትዬ ግን አልተነሡም። «ስለቴስ፣ ሸህዬ?»

«ስትሳዪ ምን ነበር ያልሽው? እንዳልሽው ንገሪኝ።»

«የሰው አገር ፆመኛ አስፈጥራለሁ ነው ያልኩት።»

ሸኻችን መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።  «እንግዲህ፣» አሉ፣ «አብልተሻቸዋል እንጂ አላስፈጠርሻቸውም። ፆሙ አልሞላም ነበርና። አላህ ኒያሽን፣ የልብሽን ሐሳብ፣ ያውቃል። ግን አቅሙ ካለሽ፣ ቀዷቸውን ሲያወጡ አንቺ ቤት ያፍጥሩ።»

«አቅሙስ ነበረኝ። ሰዎቹ ቢበተኑብኝስ?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ሾፌሩ የዚያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ጭነቱን ይዞ ከከተማው ወጥቷል። ስለ ቀዷውም ሆነ ስለ ስለቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስልክ የለውም። መኪናው የሌላ ሰው ነው፤ ጌታው ወደ ሌላ መስመር ቢያዞረው ወደ መካነ ሰላም ላይመለስ ይችላል። ለእትዬ ደግሞ እርሱ የሌለበት ማዕድ ማዕድ አልነበረም። በመንገድ ላይ፣ «ልጄንም ያስጠጋት መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ነው፤» አሉኝ። «መንገደኛውን አስርቤ ቤት ያለውን ባበላ ስለቴን አስገባሁ እንዴት ይባላል?»

ቤታቸው ስንደርስ ሰዓቱን በእኛ አገር አቆጣጠር እንዲያስተካክልላቸው መምህሩን ልጥራው አልኳቸው። እትዬ እጄን ያዙኝ።

«አትንኩት።»

«ነገም ያሳስታል እኮ፣ እትዬ።»

«አያሳስተኝም። እሱ ሲጮህ ልጄ ጉሮሮዋን አረጠበች እላለሁ። ከዚያ የኛን መስጊድ እጠብቃለሁ።»

በቀሩት የረመዳን ቀናት እንዲሁ አደረጉ። እኔም ጉዳዩን እንደ ማንኛውም ሥራ ያዝኩት። ስልጤው ኮምቦልቻ ላለው ዕቃ አስጫኙ በሚኒባስ ሾፌር በኩል መልእክት ላከ። እኔ ደግሞ ለአንድ የደሴ ረዳት፣ ከዚያም ወደ ማሻ ለሚሄድ የእህል መኪና ሾፌር አደራ ሰጠሁ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ከዒድ በኋላ ባለው ሐሙስ ጾመህ ና፣ እናትህ ይጠብቁሃል። ከሾፌሩ የመጣ መልስ አልነበረም። የደሴው ረዳት፣ «ነገሬዋለሁ፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤» አለኝ። ሶማሌ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ እሺ ማለቱ ይሁን እንቢ፣ ረዳቱ አያውቅም።

ዒዱ አለፈ። ሐሙስ ደረሰ። የከተማው ሙስሊም በጠራራ ፀሐይ ሻይ እየጠጣ እኛ ጾመን ዋልን። እኔ ቀዷ አልነበረብኝም፤ አብሬያቸው ለመሆን ብዬ ነው። በቢሮ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ክርስቲያን ባልደረባዬ በዚያው ሰሞን የነቢያትን ጾም ጀምሮ ነበር። ሻይ አልጠጣም ስለው ደብተሩን ዘጋ።

«ቆይ፣ እናንተ ጨርሳችሁ ዱላውን ለእኛ አቀብላችሁ አልነበረም እንዴ?»

«አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ነው።»

«ግምገማ ላይ አነሣዋለሁ፤ የሰው ተራ ይሻማል ብዬ።»

ወደ ማታ ስንሄድ እትዬ ምንጣፉን ያነጠፉት ቤት ውስጥ አልነበረም። ግቢው መሐል፣ ፀሐይዋ ለእያንዳንዳችን በምትታይበት አኳኋን፣ ከነመከዳው ዘርግተውታል። ብርዱ ከባድ ነበር። ነርሷ ጋቢ ተከናንባ፣ ስልጤው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀመጡ። ሸኻችንም በምርኩዛቸው መጥተው ነበር።

«እዚህ ምን አወጣን፣ እትዬ?» አለ ስልጤው። «ያን ቀን በስሕተት በላን፣ ዛሬ በብርድ ልንሞት ነው?»

«ዝም በል። ሁላችሁም በዓይናችሁ እዩዋት።»

ስለዚህ ሁላችንም አየናት። እትዬ ግን የሚያዩት ወደ ግቢው በር ነበር። የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገታቸው ይቃናል፤ ድምፁ ሲያልፍ ይመለሳል። ፀሐይዋ ገባች። ሸንተረሩ ጠቆረ። አዛኑ ከመስጊዱ ተሰማ። መምህሩ፣ ነርሷና ስልጤው ቢስሚላህ ብለው ቴምር ቀመሱ። እትዬም ያን ቀን በሰዓቱ አዛን ቴምር ቀምሰው ስለነበር ቀዷ ነበረባቸውና ሸኻችን፣ «አፍጥሪ፤ ማዘግየት አልተወደደም፤» ሲሏቸው አንዲት ቴምር ወሰዱ። ሰገድን። ተመልሰን ተቀመጥን። ሾርባው ቀረበ። ቀስ ብለን እየበላን፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን፣ ሁላችንም ጆሯችንን መንገዱ ላይ አደረግን።

«መንገደኛ ነው፤» አሉ ሸኻችን ለእትዬ። «ባይመጣ አትዘኚ። የሦስቱን አስገብተሻል።»

«አልሐምዱሊላህ፤» አሉ እትዬ። ምግቡን ግን አልነኩትም።

መኪናው የመጣው ኮከብ ከወጣ በኋላ ነው። ድምፁን መጀመሪያ የለየው ስልጤው ነበር፤ ዕቃውን ስለሚያመጣለት ሞተሩን ያውቀዋል። «እሱ ነው!» ብሎ ተነሣ። ሾፌሩ አቧራ እንደለበሰ፣ እጁ በግሪስ እንደጠቆረ፣ ከበሩ ገባ። ወግዲ ጭነት አራግፎ ሲመለስ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነበር።

«አፍጥረሃል?» አሉት ሸኻችን ከሰላምታው በፊት።

«አላፈጠርኩም።»

«ውኃ አጣህ?»

«ውኃ በጀሪካን አለ። ቴምርም ኪሴ ውስጥ አለ።»

«ታዲያ? መግሪብ ከገባ ማዘግየቱ ሱና አይደለም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ ሸኽ፤» አለ ሾፌሩ። አንቱታ በቋንቋው ስለሌለ ለሁሉም ሰው እኩል ነበር የሚናገረው። «ግን መልእክቱ እናትህ ትጠብቅሃለች ይላል። እናት ስትጠብቅህ መንገድ ላይ ትበላለህ አንተ?»

ሸኻችን ፂማቸውን ዳሰሱ። 

እትዬ ውኃ በኩባያ ይዘው መጥተው ነበር። ሾፌሩ ቆሞ ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ፣ «ተቀመጥ፤ ቆሞ አይጠጣም፤» አሉት። እዚያው በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው አጠጡት። ኩባያውን አጋምሶ እስኪተነፍስ ጠበቁት፤ ከዚያ ጨረሰ። ባዶውን ኩባያ ይዘው ትንሽ ቆሙ። በጨለማው ፊታቸውን አላየሁትም፤ ድምፃቸውን ግን ሰማሁ።

«ስለቴ ገባልኝ፤» አሉ፤ ለማን እንደሆነ ሳይለዩ።

ሾፌሩ እጁን ታጥቦ ምንጣፉ ላይ ቦታ ተለቀቀለት። እትዬ የቀዘቀዘውን አንሥተው ትኩስ ወጥ አመጡ። ወደ ማዕድ ቤት ይመለሳሉ ብለን ስንጠብቅ፣ እጃቸውን ታጥበው ነርሷን ትንሽ ጠጋ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ። ከሾፌሩ ፊት የነበረውን ቆጮ ቆርሰው ወጥ አጠቀሱና ጎረሱ። ሁላችንም እጃችንን አቁመን እናያቸው ነበር።

«ብሉ እንጂ፣ ልጆቼ፤» አሉ አፋቸው እንደሞላ። «ምን ታዩኛላችሁ?»